እሳት ከጎረቤት

ባለፈው ሰሞን ልጄ ሜሮን የጋዝ ምድጃዬን አስነቅላ በኤሌክትሪክ ቀየረችብኝ። ቀየረችልኝ ማለት ነበረብኝ፤ ወጪውንም የቻለችው እሷ ናት። ግን ሰው ሰባ ዓመት ደፍኖ እውነቱን ካልተናገረ መቼ ሊናገር ነው? ቀየረችብኝ። አሮጌው ምድጃ ይህን ሞርስ ሮድ አጠገብ ያለውን ቤት ስንገዛ አብሮ የመጣ ነው። ቅባቱ ተፍቆ የማያልቅ፣ አንድ እግሩ ያጠረ፣ ሆዱ ውስጥ ግን ሌት ተቀን የማትጠፋ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ነበልባል የያዘ። ፈረንጆቹ ፓይለት ይሏታል። ማብሪያውን ስታዞሩት ትልቁ እሳት የሚቀጣጠለው ከሷ ነው። ሜሮን ለዓመታት ስትጨቀጭቀኝ ኖራለች፤ «ማሚ፣ ሴፍ አይደለም እኮ! እሳት እየነደደ እንዴት ትተኛለሽ?» ትለኛለች። እኔም፣ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ እሳት ሳታዳፍን ተኝታ አታውቅም እላታለሁ። ማዳፈን ምን እንደሆነ ስለማታውቅ ወደ ስልኳ ትመለሳለች።

ሠራተኛው ከምድጃው ጀርባ ተንበርክኮ የጋዙን መዝጊያ ሲያዞር እኔ ከላይ ጎንበስ ብዬ ነበልባሏን አያት ነበር። ትንሿ ነበልባል አንዴ ብድግ አለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጠፋች። ድምፅ እንኳ አላሰማችም። ከዚያ ያ የተበላሸ እንቁላል የመሰለ የጋዝ ሽታ ሽው አለኝና የዛሬ አርባ ዓመት የተከራየሁት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ አቆመኝ። «ጠፍታለች፣ ማም» አለኝ ሠራተኛው ልጅ በእንግሊዝኛው። «የት ሄደች?» አልኩት። ሜሮን ሳቀች፣ ልጁም ሳቀ፤ አሮጊት የቀለደች መሰላቸው። እኔ ግን የጠየቅሁት ከልቤ ነበር። ጥያቄውም የኔ አይደለም። ያስተማረኝ ቡንሚ የሚባል የላኦስ ሰው ነው፤ ከእኔ ጋር አንሶላ ይተኩስ ነበር።

ያኔ የምንኖረው እዚሁ ኮሎምበስ፣ ኒር ኢስት ሳይድ የሚባል ሰፈር፣ ከሎንግ ስትሪት ገባ ብሎ፣ ጡቡ በጥቀርሻ የጠቆረ ባለ አንድ ፎቅ አሮጌ ቤት ውስጥ ነበር። ምድር ቤቱ የቡንሚና የሚስቱ የኖይ፣ ፎቁ የኔ የብቻዬ። ሜሮን አልተወለደችም፤ አባቷንም ገና አላውቀውም። ትከሻ በስፖንጅ የሚያብጥበት ዘመን ነበር፤ ሴቱ ሁሉ ማዕረግ የተሾመ መኮንን መስሎ ይሄዳል። እኔም ያገለገለ ልብስ ከሚሸጥበት የማውንት ቨርነን ሱቅ በአራት ዶላር የገዛሁት፣ ትከሻው ከኔ ቀድሞ በር የሚገባ ወይን ጠጅ ካፖርት ነበረኝ። አውቶቡስ በሳንቲም ነበር። የዶሮ ጀርባ የሚባል፣ ሥጋው የውሸት አጥንቱ የእውነት የሆነ ነገር ከረጢት ሙሉ በአንድ ዶላር ይገኝ ነበርና እኔና ኖይ እየተካፈልን እንገዛ ነበር። እሷ ጠጅ ሣር ጨምራ ሾርባ ታደርገዋለች፤ እኔ በርበሬ አብዝቼበት ዶሮ ነው እላለሁ። ዛሬ በዚያ ሰፈር ሳልፍ ቤቶቹ ቀለም ተቀብተው፣ በረንዳቸው ላይ አበባ ተሰቅሎ አያለሁ። ኪራያቸውን የነገረችኝ ሜሮን ናት፤ ሰምቼ ውኃ ጠጣሁ።

አከራያችን ቤቱን ሲያስረክበኝ በቅድሚያ ያሳየኝ የምድጃውን ፓይለት ነበር። «ይቺ እንዳትጠፋ። ከጠፋች መስኮቱን ክፈቺና ኮል አድርጊኝ» አለኝ። ደስታዬን ማን ይንገረው! ለካ እነሱም ያዳፍናሉ አልኩ። እናቴ ማታ ማታ ፍሙን በአመድ ታለብሰዋለች፤ ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርጋ እፍ ስትለው ይነሣል። ክብሪት ጠፍቶ አይደለም፤ ክብሪት የሰነፍ ሴት እሳት ነው ትላለች። ዝናብ ያፈሰሰ ሌሊት እሳቱ ሞቶ ካደረ ግን የሸክላ ገል አስይዛ ጎረቤት ትልከኛለች፤ እሳት ጭሬ እመለሳለሁ። ጎረቤት እሳት አይከለክልም። የተጣላ ጎረቤት እንኳ፣ ሰላምታ የተነፋፈገ እንኳ፣ እሳት ሊጭር የመጣን ሰው ባዶ ገል አስይዞ አይመልስም። እሳት ቢሰጡት አይጎድልም። እኔ ብዙውን ጊዜ የምሄደው ከአጥራችን ማዶ እነታደለ ቤት ነበር። የታደለን ስም ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሥራችን ከከተማው ወጣ ብሎ የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ላውንድሪ ነበር። ትልቁ መተኮሻ የአንድ ክፍል ስፋት አለው፤ በእንፋሎት የጋሉ ድቡልቡል ብረቶች ይሽከረከራሉ። ሁለት ሰው ከፊት ይቆምና እርጥቡን አንሶላ ጫፍና ጫፉን ይዞ ያጎርሰዋል። ከወዲያ ያሉት ሁለቱ ደግሞ እጅ የሚለበልበውን ተቀብለው ያጥፋሉ። ማሽኑ ከፍ ያለ ስለሆነ አጉራሽና ተቀባይ ፊት ለፊት አይተያይም፤ የሚተዋወቀው በአንሶላው ነው። ጎትቶ የሚቀበል፣ አለስልሶ የሚቀበል፣ የተናደደ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ሁሉ ከወዲህ ይታወቃል። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ስለተለያዩ ፍቅረኞች ይዘፍናል፣ በጋ ሲሆን ላባችን አገጫችን ላይ ይንጠባጠባል። አጉራሾቹ እኔና ቡንሚ ነበርን።

በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሽ ቡንሚ እለው ነበር። እሱ ሲስተር አስቴር ይለኛል። በልጅነቱ የቡድሃ ገዳም ገብቶ ለዓመታት የመነኩሴ ልብስ ለብሶ ኖሯል። በኋላ ልብሱን ለገዳሙ መልሶ ሚስት አገባ። በኋላ ደግሞ አገሩ እንደኛው ሆነችና በሌሊት ወንዝ ተሻግሮ ወጣ። ትልቅ ሊቅ አልነበረም። የተማረውን ግማሹን ረስቻለሁ ብሎ በግልጽ ይናገራል፤ የሚያስታውሰውን ግማሽ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይደጋግመዋል። ሲጋራውን ሊተው በየሰኞው ይምላል፣ ማክሰኞ ግን ጆሮው ላይ ሰክቶ ይመጣል። ስለ እሳት መጥፋት የሚሰብክ ሰው ከአፉ እሳት አይጠፋም ነበር።

አንድ የሐምሌ ቀን፣ አንሶላውን እያጎረስን፣ ሁለታችንም በተዋስነው እንግሊዝኛ እንዲህ አለኝ፤ «መምህሬ ዓይን ይነዳል ይሉ ነበር። ጆሮ ይነዳል፣ ምላስ ይነዳል፣ ሐሳብም ይነዳል። ልጅ ሆኜ አልገባኝም፤ እዚህ ማሽን ፊት ቆሜ ነው የገባኝ።»

«የገሃነም እሳት ማለታቸው ነው?»

«አይደለም። ያ በኋላ ነው የምትሉት። ይሄ አሁን ነው። ዓይን አየ፣ ወደደ፣ ነደደ። ዓይን አየ፣ ጠላ፣ ነደደ። እንጨቱ መፈለግ ነው፣ መጥላት ነው፣ አለማወቅ ነው።»

«መድኃኒቱስ?»

«እንጨት አለመጨመር። ውኃ አያስፈልግም። ካልጨመርሽበት ራሱ ይጠፋል። የኛ ትልቁ ተስፋ እሱ ነው፣ መጥፋቱ።»

አማተብኩ። እሳት መጥፋት ተስፋ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም። እኛ ዘንድ እሳት የጠፋበት ቤት ሰው የሌለበት ቤት ነው። ስለ ሦስቱ ልጆች ነገርኩት፤ እቶን ውስጥ ተጥለው መልአኩ ስላቀዘቀዘላቸው። ሳይቃጠል ስለሚነደው ቁጥቋጦም ነገርኩት። እሱን ሲሰማ እጁን ገታ አደረገ፤ አንሶላው ሊጨማደድ ነበር።

«እንጨቱ ካልተቃጠለ እሳቱ ምን ይበላል?» አለኝ።

«ምንም።»

«እንደሱ ያለ እሳት ጥሩ ነው» አለ። «የኔና ያንቺ ግን ይበላል። ደግሞ ታውቂያለሽ? ይሄ ትምህርት መጀመሪያ የተሰጠው እሳት ለሚጠብቁ ሰዎች ነው። ሥራቸው እሳታቸው እንዳይጠፋ መጠበቅ ነበር። እንዳንቺ!»

ሳቀብኝ። እኔም በእረፍት ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጠን የአማርኛን እሳት ቆጠርኩለት፤ ሰው ሲያዝን ሆዱ ይቃጠላል፣ ሲበደል አንጀቱ ያርራል፣ ሲናደድ ይጨሳል፣ ሲብስበት እርር ድብን ይላል። «እናንተማ ትምህርቱን ጨርሳችሁታል፣ የቀራችሁ ማጥፋቱ ብቻ ነው» አለኝ። ሲጋራውን ለኮሰና የክብሪቱን እንጨት በአየር ላይ አወዛውዞ አጠፋው። «ይሄ እሳት አሁን የት ሄደ? ምሥራቅ ነው? ምዕራብ ነው?» ብሎ አፈጠጠብኝ። የገዳም ጥያቄ ነበር፣ መልስ የሌለው ዓይነት። እኔ ግን ሳላስብ «ጎረቤት ነዋ!» አልኩት። እሳት ሲጠፋ ያለው ጎረቤት ቤት ነው፣ ሌላ የት ይሄዳል? ስለ ገሉ ስነግረው በሳቅ ትን አለው። ለኖይ ነገራት፣ ኖይ ለእህቷ ነገረች፤ ከዚያ ወዲያ የላኦሶቹ ድግስ ላይ ስገባ «ጎረቤት!» እያሉ ይቀበሉኝ ጀመር።

አሁን ታደለ ይምጣ።

መስፍን የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረኝ። ታደለ ጓደኛው ነው፤ እናታችን ለሁለቱም በአንድ ትሪ ነበር የምታቀርበው። እሱም እንጨት ይፈልጥላት ነበር። ያ ክፉ ዘመን መጣ፤ ስንቱ ቤት እንደገባ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች አረንጓዴውን የቆርቆሮ በራችንን በረገዱት። ታደለ መሀላቸው ቆሟል። መስፍን ከጓዳ ወጣ። ታደለ ጣቱን ዘረጋና «ይሄ ነው» አለ። ይኸው ነው። መስፍንን ወሰዱት፤ አልተመለሰም፣ የት እንደተቀበረም የነገረን የለም። እናቴ ብዙ አልቆየችም። እኔ በሱዳን በኩል ወጣሁና አንድ ኦሃዮ የሚባል አገር ውስጥ አንሶላ ማጉረስ ያዝኩ።

በዚያን ጊዜ ኮሎምበስ ውስጥ ያለን አበሾች አንድ አዳራሽ አንሞላም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስላልነበረን ለበዓል የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት እንዋስ ነበር፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወለሉ ሰም ሰም የሚሸት። አንድ ፋሲካ ድፎውን ይዤ ስገባ ታደለ የማሞቂያው ቧንቧ አጠገብ ቆሟል። ለኦሃዮ ብርድ የማትሆን ስስ ጃኬት ለብሷል። አየኝ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ድፎውን ማን እንደተቀበለኝ፣ በምን ወደ ቤት እንደተመለስኩ አላውቅም። እንዲያ ያለ ጥላቻ ልብ ላይ ሲወጣ ይሞቃል፤ ይህን ሰው አይነግራችሁም። ሥራዬ ሰልችቶኝ፣ ሰውነቴ ዝሎ ከርሜ ነበር። ያን ቀን ግን ነቃሁ።

ትልቃችን ጋሽ አበራ ነበሩ፤ የተጣላውን የሚያስታርቁ፣ የሞተውን የሚቀብሩ ሰው። ሳምንቱን ጠብቀው ቤቴ መጡ። «አስቱ፣ ልጁ ጉልበትሽን ስሞ ይቅርታ ሊጠይቅ ይፈልጋል። እኛም ሽማግሌ ሆነን እንቀመጥ» አሉኝ። «እኔ ከሞትኩ በኋላ ሬሳዬን ይጠይቀው» አልኳቸው። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው ልጄ።» «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ጋሼ።» ኮፍያቸውን አነሡና ወጡ። ደረጃው ላይ ቆም ብለው ሲተነፍሱ ሰማኋቸው፤ እሳቸውም ደክመው ነበር።

ክረምቱ ሳይገባ ሱፐርቫይዘራችን ዶሪስ ጠራችኝ። እዚያ ላውንድሪ ሰው የሚቀጠረው በሠራተኛው ቃል ነው፤ ጥሩ ነው ካልነው ይገባል፣ ዝም ካልን ይመለሳል። በሩ ላይ ታደለ ቆሟል፤ ያችኑ ጃኬት ለብሶ። የማን ሥራ ቤት እንደሆነ ሳያውቅ ነው የመጣው፤ ሲያየኝ ሊመለስ አንድ እግሩን አንሥቷል።

«ያገርሽ ሰው ነው። ታውቂዋለሽ?» አለችኝ።

«አውቀዋለሁ።»

«ሠራተኛ ነው?»

«እንጨት ሲፈልጥ አይቻለሁ። ይሠራል» አልኳት።

ከርኅራኄ አይደለም፤ ማንም እንዳይመስለው። ሌላ ከተማ ሄዶ፣ አግብቶ ወልዶ፣ ስሜን እንዲረሳው አልፈለግሁም። ከዓይኔ እንዳይርቅ ነው የፈለግሁት። ዶሪስ ከማሽኑ ወዲያ አቆመችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ እርጥቡን አጎርሳለሁ፣ እሱ ትኩሱን ይቀበላል። ፊቱን አላይም፤ አቀባበሉን ግን አውቀዋለሁ። አለስልሶ ነበር የሚቀበለው፣ የሚለበልበው አንሶላ እንዳያስጮኸው የሚጠነቀቅ ይመስል። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማየው ሥራ መግባቱን የሚያሳየው የሰዓት ካርዱ ግድግዳው ላይ መሰቀሉን ነው። ከቀረ ቀኑ ይበላሽብኛል። እንዲህ ሆነን ዓመታት አለፉ፤ ካፖርቴ አረጀ፣ ሬዲዮው ዘፋኞቹን ቀየረ፣ የመሀል ከተማው ትልቅ መደብር መስኮቱን ለገና ስንት ጊዜ አስጌጠ። አንድ ቃል አልተለዋወጥንም።

ጋሽ ቡንሚ ነገሩን ቆይቶ ነው የሰማው፤ እኔው ነገርኩት። ይሰብከኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን «እኔም አንድ ሰው አለኝ» አለ፤ «ከወንዙ ማዶ። ሲጋራውን ስለኩስ አስታውሰዋለሁ።» «ጋሼ፣ ይሄን እሳት ካጠፋሁት መስፍንን ማን ይጠብቀዋል? እናቴ የለች። መቃብር የለው። ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው» አልኩት። ያ ነበር የኔ ፍርሃት። ጥላቻው አዳፍኜ የማሳድረው ፍም ነበር፤ ወንድሜ እዚያ ውስጥ ነበር ያለው። ፍሙ ሲጠፋ እሱም የሚጠፋ መሰለኝ። ጋሽ ቡንሚ ቀጣዩን አንሶላ አነሣ።

«እሺ፣ ምን ዓይነት ልጅ ነበር?» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። የመጣልኝ አረንጓዴው በር ነው። ጣቱ ነው። «ይሄ ነው» የሚለው ድምፅ ነው፤ እሱም የታደለ ድምፅ። የመስፍንን ድምፅ ፈለግሁት፣ የለም። ሳቁን፣ አካሄዱን ፈለግሁ፣ የሚወደውን ወጥ እንኳ ፈለግሁ። አንዳቸውም የሉም። በየቀኑ ያን በር ስከፍት፣ ያን ጣት ሳይ ኖሬ፣ ሌላው ሁሉ ሳላውቀው ሄዷል። እጄ ከአንሶላው ላይ ወደቀ፤ ጨርቁ ተጣምሞ ገባና ማሽኑን አስቆመው። ዶሪስ ከዚያ ማዶ ጮኸች።

«በላው፣ አየሽ» አለኝ ጋሽ ቡንሚ ቀስ ብሎ። «እሳት በባዶ ላይ አይቀመጥም። አንቺ ታደለን የሚበላ መስሎሽ ነበር። ታደለማ ያው እዚያ ቆሞ አንሶላ ያጥፋል።»

በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት የደነገጥኩበት ጊዜ የለም። ወንድሜን ሁለት ጊዜ አጣሁት። ያን ቀን እቤት ገብቼ ምድጃው ፊት ቆምኩ፤ ፓይለቷ ጠፍታ ወጥ ቤቱ ጋዝ ጋዝ ይሸታል። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ካፖርቴን እንደለበስኩ ተቀመጥኩ። ቤቱ እየቀዘቀዘ ሄደ። ለአከራዩ አልደወልኩም። የማስበው ስለ እናቴ ነበር፤ እሳቱ ሞቶ ያደረ ቀን አትቆጣም፣ አታለቅስም፣ ገሉን ከግድግዳው ሥር አንሥታ «ሂጂ» ነበር የምትለኝ። ኮሎምበስ ውስጥ መስፍንን በዓይኑ ያየ ከኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ አለ።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ማሽኑን ዞሬ ወዲያ ማዶ ሄድኩ። በዚያ ሁሉ ዓመት ዞሬ አላውቅም። ታደለ ሲያየኝ ያጠፈውን አንሶላ ደረቱ ላይ አቅፎ ወደ ግድግዳው ሸሸ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ እኔ ሳላየው።

«መስፍን ምን ዘፈን ነበር የሚያፏጨው?» አልኩት።

 የጠበቀው ሌላ ጥያቄ ነበርና ጥያቄው እስኪገባው ጊዜ ወሰደበት።

«ማፏጨት አይችልም ነበር፣ እትዬ» አለኝ በመጨረሻ። «ነፋስ ብቻ ነበር የሚወጣው። በጣም ይሞክር ነበር። እንስቅበት ነበር። ጫማውን ደግሞ ተረከዙ ላይ ረግጦ፣ እየጎተተ... እማማ እኮ ስንት ጊዜ ጮኸውበታል፣ አዲስ ጫማ ሸበጥ አደረግኸው እያሉ።»

መጣ። ኮቴው መጣ፣ ያ ተንሸራታች ኮቴው፣ ከጓዳ እስከ ደጅ። ያ የማይሆን ነፋሱም መጣ፣ ከንፈሩን አሹሎ፣ ዓይኑን አፍጥጦ። እዚያው ከትኩሱ አንሶላ አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ። ታደለ ያቀፈውን አንሶላ ዘረጋልኝ፤ ፊቴን በሆስፒታል አንሶላ ጠረግሁ። ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩትም። እግዜር ያውቃል፣ እስከ ዛሬም አላልኩት። «እትዬ አስቴር፣ ያን ቀን እኮ...» ሲል ከለከልኩት። «ስለዚያ ቀን ልጠይቅህ አልመጣሁም። ያን ቀን እኔም አውቀዋለሁ» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ግን ባስታወሰ ቁጥር አንድ አንድ ነገር ያመጣልኝ ጀመር፤ ከአጥር ላይ የወደቀበትን ቀን፣ ሽሮ ሲበላ እንጀራውን እንዴት እንደሚጠቀልል፣ ለአንዲት የሰፈር ልጅ ልኮላት የተመለሰበትን ሻሽ። ስጠይቀው ባዶ መልሶኝ አያውቅም። አንድ ጠዋትም የሰዓት ካርዱ መሰቀሉን ሳላይ ሥራ መጀመሬን ያወቅሁት ከምሳ በኋላ ነበር።

ላውንድሪው ከተዘጋ ቆየ። ጋሽ ቡንሚ ሲሞት እንደ ሥርዓታቸው አስከሬኑን አቃጠሉት። እኛ የአፈር ሰዎች ነን፣ እሳቱን ማየት አልቻልኩምና ፓርኪንጉ ውስጥ ቆሜ ጠበቅሁ። ቀና ብዬ ጭስ ፈለግሁ፣ ወደ ምሥራቅ ይሄድ እንደሆነ፣ ወደ ምዕራብ። ምንም አይታይም ነበር፣ የኦሃዮ ግራጫ ሰማይ ብቻ። ኖይ ወጥታ እጄን ያዘችና «ጎረቤት» አለችኝ። ሁለት አሮጊቶች መኪና መሀል ቆመን ሳቅን፣ አለቀስንም።

ምድጃዬ በተነሣ በሳምንቱ ታደለን ልጠይቅ ሄድኩ። ከሞርስ ሮድ ብዙ የማይርቅ የአረጋውያን ቤት ውስጥ ነው ያለው፤ አእምሮው ከድቶታል። አንዳንድ ቀን ያውቀኛል፣ ብዙውን ቀን አያውቀኝም። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፣ ብርድ ልብሱን ጫፍና ጫፉን እየገጠመ፣ እያጠፈ። ገባ ስል ቀና አለና ፊቱ በራ።

«አስቴር ነሽ? እሳት ልትጭሪ መጣሽ?» አለኝ። «ጓዳ ግቢ፣ እማዬ አለች።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ቆሞ መዋልን ትቷል።

«አዎ፣ ገሉን ይዣለሁ» አልኩት።

ከኋላዬ በሩን ተመለከተ። ጠበቀ።

«መስፍንስ የታለ?» አለኝ።

ጋሽ አበራን አስታወስኳቸው፤ የወጋ ቢረሳ ያልኳቸውን። ይኸው የወጋው ረሳ። ደረቴ ውስጥ ያችን ሰማያዊ ነበልባል ፈለግኋት፤ በዚህች ሰዓት ካልነደደች መቼ ልትነድ ነው? አጣኋት። ድካም ብቻ ነበር ያለው፣ ጉልበቴና የመስኮቱ ብርሃን፣ ደግሞ የዚህ የሸበተ ልጅ ዓይን፤ በሩን የሚጠብቅ።

«እየመጣ ነው» አልኩት። «ጫማውን ረግጦ እየጎተተ ነው።»

ሳቀ። ብርድ ልብሱን ለቀቀው።

«እያፏጨ?» አለኝ።

«ይሞክራል» አልኩት።